በግድግዳ ማዶ የተተረጎመ ርዕስ

ይህን ታሪክ ከመሀሉ የምትጀምሩ ካላችሁ አትጨነቁ፤ እኔም የገባሁት ከመሀሉ ነው። ሁለት ወጣቶች አፍንጫዬ ሥር ሲዋደዱ ከሦስት ወር በላይ እያየሁ፣ መሀላቸው ወረቀት ስላለ ብቻ የሥራ ጉዳይ ነው ብዬ ያለፍኩ የዋህ ሴት ነኝ። ሽብሬ እባላለሁ። መቱ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ላይ የጽሕፈት፣ የፎቶኮፒና የትርጉም ቤት አለኝ። ጽሕፈቱና ፎቶኮፒው የእኔ ነው፣ ትርጉሙ የዱንያ።

ዱንያ አራጌ የዳሪሙ ወረዳ ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ አራጌ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚያው ቀሩ፤ ዛሬ ቡናም በቆሎም ያላቸው ገበሬ ናቸው። ልጅቷ እዚሁ መቱ እንግሊዝኛ አጥንታ ተመረቀች፤ የመንግሥት ሥራ ሲጠፋ እኔ ዘንድ መጣች። ለጊዜው ነው ብላኝ ነበር። እነሆ አራተኛ ዓመቷ። ቀጠን ያለች፣ ድምጿ የማይጮህ፣ ሻርፗን ቀኑን ሙሉ አሥር ጊዜ የምታስተካክል ልጅ ናት። በሦስት ቋንቋ ታስባለች፤ በሦስቱም ግን የምትጣላው በአንድ ነገር ነው፤ በርዕስ።

የዩኒቨርሲቲው ተማሪና መምህር ጥናቱን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይሠራና ርዕሱን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ወደ እኛ ይመጣል። ሌላ ቤት ቢሆን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዱንያ ግን ባለቤቱን ከጎኗ ታስቀምጠውና መጠየቅ ትጀምራለች። ኪቲላ የሚባል ተማሪ አንድ ቀን «የጥንት ቡና አምራቾች ዜማዎች» የሚል ይዞ መጣ።

«ጥንታዊው ማነው?» አለችው። «ቡናው ነው? አምራቾቹ ናቸው? ወይስ ዜማው?»

ኪቲላ ሳቀ። «ምን ልዩነት አለው?»

«አማርኛ አንባቢህ እዚሁ አድጓልና ይገምትልሃል። እንግሊዝኛው ግን ገላጮቹን ሁሉ ከፊት ደርድሮ ዝም ነው የሚለው። ሰርግ ቤት የገባ እንግዳ በለው፤ ከሙሽራው ወገን ይሁን ከሙሽሪት ወገን ካልነገርከን በምን እናውቃለን? አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ዘመዱ እናደርግበታለን።»

ኪቲላ ያን ቀን አርባ ደቂቃ ተቀመጠ። ሲነሳ የጻፈውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀ ይመስል ነበር። እኔ በበኩሌ ገበያ ታባርሪብኛለሽ ብዬ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ። እሷ ግን ንቅንቅ የለም። ሕጓ አንድ ነው፤ የጥናቱ ባለቤት ራሱ መጥቶ ከጎኗ ካልተቀመጠ ርዕሱን አትነካም። አንድ ትልቅ ሰው ርዕሳቸውን በሹፌራቸው ቢልኩ ወረቀቱን ከነፖስታው መልሳለታለች። በማግስቱ ሰውየው ራሳቸው መጡ። እኔ ያን ቀን ከማፈሬ ይልቅ ኮርቼባታለሁ፤ አልነገርኳትም እንጂ።

ኢርሻድ የመጣው እንዲሁ ለርዕስ ነበር። የጋሽ ጀላሉ ልጅ ነው፤ የቡና ነጋዴው ጀላሉ፣ መቱ ውስጥ መጋዘናቸውን የማያውቅ የለም። ልጃቸው ግን ንግዱን ትቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ዳሪሙ እየተመላለሰ በሰፈራ የመጡ ሰዎችን ታሪክ በአማርኛ ይሰበስባል፤ አንድ የጥናት መጽሔትም ሊያትምለት ቃል ገብቷል። የርዕሱ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የጎደለው። ርዕሱ «በዳሪሙ የቀድሞ ሰፋሪ ገበሬዎች ትረካዎች» ይላል።

«የቀድሞው ምኑ ነው?» አለች ዱንያ እንደ ልማዷ። «ትረካው ነው፣ ገበሬነታቸው ነው፣ ሰፋሪነታቸው?»

«ሰፋሪነታቸው።»

«ታዲያ አሁን ምንድን ናቸው?»

ልጁ ወረቀቱን ተወት አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። እኔ የፎቶኮፒውን ቀለም እየቀየርኩ ነበር፤ እጄ ጥቁር እንደሆነ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ሰው ሌላውን እንደዚያ ሲያይ ያየሁት ድሮ፣ እኔም ገና ልጅ ሳለሁ ነው።

«እኔ እንጃ» አለ። «ጠይቄ ልምጣ።»

ጠይቆ መጣ። እንደገና ጠየቀችው፤ እንደገና ሄደ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው እንደሚባለው፣ ሁለቱም በርዕሱ እየሳቁ ተወሰዱ። ጉዳዩን የደረስኩበት በፎቶኮፒ ማሽኑ ነው። ወረቀቱ ዳር ላይ በእርሳስ የሚጻጻፉትን ማሽኑ ሳያፍር እያወጣ ሰጠኝ። «ሐሙስ ካልመጣሁ አትቀየሚኝ፤ እኔ ራሴን እቀየመዋለሁና የሁለት ሰው ቅያሜ ይበዛብኛል» ይላል የእሱ። ከሥሩ በእሷ ጽሕፈት፣ «ሐሙስ ደግሞ ምን ልትጠየቅ?» አለ። ሌላ ገጽ ላይ፣ «ዱንያ፣ የሰማሁትን ሁሉ ለሰው ስነግር አንቺ ከመጠየቅሽ በፊት ያወቅኩት አይመስለኝም» ብሎ ጽፎ ነበር። ያኛውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሥራዬ ነው ብዬ እንጂ ኃጢአት መሆኑን አጥቼው አይደለም።

ከዚያ ወሬው ጋሽ ጀላሉ ጆሮ ደረሰ። አንድ ለቅሶ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ልጄን ያስተማርኩት ለሰፋሪ ልጅ አይደለም» አሉ ተባለ። መቱ ላይ ጠዋት የተባለ ነገር ለምሳ ይደርሳል፤ ይህም ደረሰ። ዱንያ አላለቀሰችም። ኢርሻድ በማግስቱ ሲመጣ ግን፣ «ከዛሬ ወዲህ የሚያገናኘን ሥራ ብቻ ነው» አለችው፣ ፊቷን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ።

«እሺ» ብሎ ወጣ። አሥር ቀን ጠፋ። አሥሩንም ቀን በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ሌላ ሰው ሲሆን ሻርፗን አስተካክላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የእኔም ልብ ከእሷ ጋር ቀና ብሎ ከእሷ ጋር ይወርድ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እየወረደ ሳለ አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ከውስጡ የወረደችው የኢርሻድ ታናሽ እህት ዘህራ ነበረች። በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

«ኢርሻድ ነው የላከኝ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «የመጨረሻው ርዕስ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተላከ መጽሔቱ አይጠብቀውም፤ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡበታል።»

ዱንያ ወረቀቱን አልተቀበለችም። «እሱስ?»

«ዛሬ አይመቸውም።»

«ታሟል?»

«ኧረ ደህና ነው።»

«ከከተማ ወጥቷል?»

ዘህራ መዋሸት የማትችል ልጅ ናት። «ቤት ነው» አለችና ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች።

የዱንያ ፊት አመድ መሰለ። «ቤቱ ከዚህ በእግር ሩብ ሰዓት አይሆንም። ያልተመቸው ከእኔ ጎን መቀመጡ ነው?»

«ማሎ፣ እባክሽ ዱንያ፣ እንደሱ አይደለም! ግን እንዳልናገር አስምለውኛል።»

«ማነው ያስማለሽ? አባትሽ?»

ዘህራ አንገቷን ደፋች። ዱንያ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ያቺ ከሰው ሁሉ መልስ ሳታገኝ የማትለቅ ልጅ፣ ያን ቀን በአንገት መድፋት ብቻ ፍርድ ሰጠች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። ባዶ ወረቀት አወጣችና ጻፈች፤ እያነበብኩ መሆኔን አይታ እንኳ አልሸፈነችብኝም።

«መምህር ኢርሻድ፤ ሕጌን ታውቀዋለህ። ባለቤቱ ካልመጣ አልሠራም። የሰፋሪ ልጅ ጎን ሲቀመጥ መታየት የሚያሳፍርህ ከሆነ አልፈርድብህም፤ አባትህ ናቸው፣ አገርህ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። የእነዚያን ሰዎች ታሪክ ለመሰብሰብ እግርህ እስኪላጥ ተጉዘህ፣ ለአንዷ ልጃቸው ግን መንገድ መሻገር አቃተህ። ሥራህን ሌላ ሰው ይተርጉምልህ። ዱንያ።»

አጥፋ ለዘህራ ሰጠቻት። ዘህራ እንባ እንባ እያላት፣ የርዕሱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትታ ወደ ባጃጁ ሮጠች።

«ልጄ፣ የአንድ ዓመት ልፋቱ ነው» አልኳት። «ለዛሬ ብቻ ብትሠሪለት ምናለ?»

«እትዬ ሽብሬ፣ ለማንም ያላፈረስኩትን ሕግ ለእሱ ላፍርስ?» አለች። ድምጿ ደህና ነበር። ከዚያ ተሰበረ። «ለእሱ ብዬ እንዳላፈርሰው ነው የፈራሁት።»

ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ ያ ሁሉ አሥር ቀን የታመቀው እንባ አንድ ላይ መጣ። እኔ ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ትከሻዋን ያዝኩ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ዝናቡ አባራ። ዱንያ ተጣጥባ የሌላ ሰው ሥራ ይዛለች። ዓይኗ ግን ዘህራ ትታው ወደ ሄደችው ወረቀት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል። በመጨረሻ ሳብ አድርጋ አነበበችው። የተጻፈው «በዳሪሙ ስለ መጡበት መንገድ የሚናገሩ ጎረቤቶች ትረካዎች» የሚል ነበር። «ጎረቤቶች» የሚለውን በጣቷ ነካችው። 

በዚህ መሀል ባጃጅ ቆመ። ሰው የሚገባ መስሎኝ ጠበቅኩ፤ የሚገባ የለም። ወጥቼ ባይ፣ ደንበኞች ተራ የሚጠብቁበት የበረንዳው አግዳሚ ላይ፣ ልክ ከዱንያ መስኮት ሥር፣ ኢርሻድ ተቀምጧል። ጀርባውን ለግድግዳው፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቷል። ሸሚዙ በስብሷል። ዘህራ ከባጃጁ አጠገብ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

«ምን ሆነህ ነው? ግባ እንጂ!»

«አልገባም እትዬ ሽብሬ። ባለቤቱ ይምጣ አለች፣ መጣሁ።» መስኮቱ ክፍት ነው፤ እንድትሰማው ድምጹን ከፍ አደረገ። «የሚጠየቅ ካለ እዚሁ ይጠየቅ።»

ከውስጥ የዱንያ ድምፅ መጣ። «ገብቶ ይቀመጥ በሉት።»

«አልችልም» አለ።

«ፊቴን ማየት ነው ያቃተህ?»

«አዎ።»

ውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ ተነስታ መስኮቱን ልትዘጋው ነው ብዬ ነበር። ኢርሻድ ግን አንገቱን ሳያዞር ቀጠለ። «ዱንያ፣ እባክሽ እንደ ሁልጊዜው ጠይቂኝ። ሁሉንም እመልሳለሁ። ለምን አልገባህም የሚለውን ብቻ ለዛሬ ተይልኝ። ካልሠራሽልኝም ግዴለም፣ መጽሔቱ ይቅር። ያሳፈርሽኝ መስሎሽ ግን እንዳታመሺ ብዬ ነው የመጣሁት።»

መስኮቱ አልተዘጋም። እሷም ወንበሯን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ናቸው፣ መሀላቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ አለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሁለቱንም አያለሁ።

«በዳሪሙ የሚለው የማነው?» ብላ ጀመረች፣ ድምጿ ደርቆ። «መንገዱ ነው ዳሪሙ ያለው፣ ንግግሩ ነው፣ ወይስ ሰዎቹ?»

«ሰዎቹ። ዳሪሙ የሚኖሩት እነሱ ናቸው።»

«እንግዲያው ከሰዎቹ ጋር እናስቀምጠው። ስለ መጡበት መንገድ የሚናገረውስ? ሰው ነው ትረካ?»

«ሰው ነው። እንዲያውም ስማቸውን አውቃለሁ። አንዱ አባትሽ ናቸው።»

የእስክሪብቶው ድምፅ ቆመ። «አባቴን አግኝተኸዋል?»

«ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያውን ቀን አንቺን እንደማውቅሽ አልነገርኳቸውም። ሁለተኛው ቀን ላይ ራሳቸው፣ አንተ ልጅ እንደ ልጄ ነው የምትጠይቀው፣ የት ተማርክ? አሉኝ።»

ዱንያ ሳትፈልግ ሳቀች። በእንባ መሀል የመጣ አጭር ሳቅ ነበር።

«ምን አለህ?»

«ዳሪሙ በደረሱ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጎረቤታቸው የቡና ችግኝ ይዘውላቸው መጡ። በሦስተኛው ዓመት ታፈራለች አሏቸው። ያኔ አለቀስኩ አሉኝ። ሰውየው በደስታ ነው መስሏቸው ትከሻዬን መቱኝ፤ እኔ ግን ሦስት ዓመት እዚህ ልቆይ ነው ብዬ ነው ያለቀስኩት አሉኝ።»

«ይህንን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም» አለች ዱንያ በቀስታ።

«ከዚያ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ሴት ልጅ ተወለደችልኝ አሉ። ከዚያች ቀን ወዲህ ስለ መመለስ ያሰብኩበትን ቀን አላስታውስም አሉኝ። አንቺ፣ ታዲያ አሁን ምንድን ናቸው ብለሽ ስትጠይቂኝ መልስ ያጣሁለትን እሳቸውን ጠየቅኳቸው። ጎረቤት ነን፤ ሌላ ምን እንሆናለን? አሉኝ። ሰፋሪ የሚለውን የሰረዝኩት ለዚህ ነው።»

ዱንያ ጻፈች። በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ አነበበችለት፤ የሚኖሩት ከሚኖሩበት፣ የሚናገሩት ከሚናገሩት ነገር ጋር፣ እያንዳንዱ ቃል ከራሱ ሰው አጠገብ ቆሞ። እኔ እንግሊዝኛዬ የጽሕፈት ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ ግን ማን ምን እንዳደረገ ገባኝ። ኢርሻድ፣ «እንዲህ ነው። ልናገር የፈለግኩት ይህንኑ ነው» አለ። አንዴ ደግሞ አስነበባትና እኔ በኢሜይል ላክሁት። አሥር ሰዓት ተኩል ነበር።

«ሥራው አለቀ» አለች ዱንያ። «አሁን እንደ ተርጓሚ አይደለም የምጠይቅህ። አባትህ ለቅሶ ቤት ያሉትን ሰምቻለሁ። አሥር ቀን ጠፋህ። ዛሬ መጥተህ ደግሞ ፊትህን ትመልስብኛለህ። ማነው የከለከለህ?»

«አባቴ አይደለም። የቤታችን ወግ ነው።»

እኔ የመቱ ሰው ነኝ፤ ከእሷ በፊት ገባኝ። በእነ ጀላሉ ቤት ሽማግሌ ወደ ልጅቱ አባት ደጅ ከተነሳ፣ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ልጁ የልጅቱን ፊት አያይም። የአባቷን ቃል ሳይሰማ ፊቷን ማየት ደጃቸውን መናቅ ነው ይላሉ። የኢርሻድ ታላቅ ወንድም ሲያገባ ጎሬ ከተማ ሄዶ ሳምንት ሙሉ ተደብቋል። የእኔ ወሬ ግን አይደለምና አፌን ያዝኩ።

ዱንያ በጣም ቀስ ብላ ጠየቀች። «ዛሬ ወደ ዳሪሙ የሄደው ማነው?»

ከባጃጁ አጠገብ ዘህራ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። «እኔ አልነገርኳትም! ወላሂ፣ ራሷ ናት የደረሰችበት!» ብላ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች።

ዱንያ ከወንበሯ ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋ ግን ከግድግዳው አልተላቀቀም። «እኔ ደግሞ ያን ደብዳቤ ጻፍኩልህ» አለች። «ቅደደው።»

«አልቀደውም። ያልተፈለገ ሰው እንደዚህ አይሰደብም።»

«ኢርሻድ፣ አባትህስ?»

ድምጹ ወረደ። «ሽማግሌ የላኩልኝ አጎቴ ናቸው፤ ዘህራንም ያስማሏት እሳቸው ናቸው። አባቴን አሥሩንም ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ እያስቀመጥኩ የሰበሰብኩትን ሳነብለት ነበር። የችግኟን ታሪክ ሲሰማ፣ ይሄ ሰው ማነው? አለኝ። የዱንያ አባት ነው አልኩት። ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ዛሬ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሲነሱ እቤትም አልነበረም። እሱ ከሌለበት አባትሽ መልሰው ቢሰዷቸው አልፈርድባቸውም።»

ያኔ የዱንያ ስልክ ጮኸ። አባቷ ናቸው። ስልኩን ከፍታ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ ጋሽ አራጌ ደግሞ በስልክ ሲያወሩ ወንዝ ማዶ እንደሚጣሩ ነውና ሁላችንም ሰማን።

«ዱንያ! ሰዎች መጥተዋል።»

«ሰምቻለሁ አባ።»

«ስድስት ናቸው። መኪናው መንገድ ላይ ተይዞ በእግር ነው የደረሱት። ጀላሉ የሚባሉት ነጋዴም አሉበት።»

ከመስኮቱ ውጭ ኢርሻድ «ምን?» ሲል ሰማሁት። ዱንያ አፏን በእጇ ያዘች።

«እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነዋል። ሌሎቹ ተቀመጡ፣ እሳቸው ግን ግቡ ብላቸው እምቢ አሉኝ። የተናገርኩት ክፉ ቃል አለ፤ እሱን ይቅር ሳትለኝ ቤትህ አልገባም ብለው ደጄ ላይ ቆመዋል። ምን ክፉ ቃል ነው? እኔ አልሰማሁም።»

«ተወው አባ። ይቅር ተብሏል በላቸው።» እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«እንግዲህ ወጉ ቀጠሮ ስጥ ነው የሚለው። ግን አንቺን ሳልጠይቅ ቃል አይወጣኝም። ልጁን ትፈልጊዋለሽ?»

ሰውን ሁሉ ስትጠይቅ የኖረችው ልጅ ላይ የመመለስ ተራው ደረሰ። «አባ… ጥሩ ሰው ነው።»

«ጥሩነቱን እኔም አይቻለሁ፣ ሦስት ጊዜ ቤቴ መጥቷል። የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም።»

«የተማረ ነው። ሰው ያከብራል።»

«ዱንያ!»

ዓይኗን ጨፈነች። «እፈልገዋለሁ» አለች በሹክሹክታ።

«አልተሰማኝም! ኔትወርኩ ነው መሰል፣ ጮክ በይ!»

ተነሳች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ አራት ዓመት ሙሉ ከፍ ሲል ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «እፈልገዋለሁ አባ! እኔ ዱንያ፣ ኢርሻድን እፈልገዋለሁ!» ብላ ጮኸች። መንገድ ላይ የነበሩት ባጃጆች ሳይቀሩ ዞሩ። ማዶ ያለችው አትክልት ሻጭ እልል አለች፤ ለምን እንደሆነ የምታውቅ አይመስለኝም።

ጋሽ አራጌ ለዱንያ ሳይሆን አጠገባቸው ለቆመ ሰው፣ በኦሮምኛ፣ «ኦል ሴና፣ ጀላሉ። ኦል ሴና» ሲሉ ተሰማ። ግቡ ማለታቸው ነው። ስልኩ ተቋረጠ።

ዱንያ ወደ በረንዳው ወጣች። ኢርሻድ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሏል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የአባቷ ቃል ተሰምቷል፣ ወጉ ከእንግዲህ አይይዘውም። ይህን ያወቀ ግን አይመስልም።

«ኢርሻድ» አለችው። «ዙር።»

ዞረ። አሥር ቀን ያልተያዩ ዓይኖች ተያዩ። የሚያፈቅር ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ብትጠይቁኝ የዚያን ሰዓት የሁለቱን ፊት ነው የምነግራችሁ፤ ያበጠ ዓይን፣ ቀይ አፍንጫ፣ የረጠበ ሸሚዝ፣ የተዛነፈ ሻርፕ፣ ከዚያ ሁሉ ላይ ግን ዓይን የማያስነቅል ውበት። እሷ ምንም አልጠየቀችውም። እኔ ወደ ውስጥ ገብቼ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጥኩ፤ ደስታ ይሁን፣ ቅናት ይሁን፣ ያለፈ ዕድሜዬ ይሁን ባላውቅም፣ አንዲት ፊደል እንኳ መምታት አቃተኝ።